በአንድ ቋንቋ ጠይቆ በሌላ ቋንቋ ስለ ማግኘት
(በሬዲዮ የተነገረ)



የስንዴ ማሳው በዋግ የተመታበት ገበሬ መድኃኒቱን የሚጠይቀው በአማርኛ ነው። እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1998 ዓ.ም. በኡጋንዳ ስለ ተገኘው ብርቱ የግንድ ዋግ የተደረገው ምርመራ ግን አብዛኛው በእንግሊዝኛ ተጽፎ ይገኛል። ዕውቀቱ ሳለ ቋንቋው ከከለከለን፣ ነገሩ «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» እንደ ተባለው ይሆናል። ስለዚህ በዛሬው ንግግራችን የትርጉም መሣሪያን ለፍለጋ እንዲያገለግል አድርጎ ስለ ማስተካከል ጥቂት እናስረዳለን።

በመሣሪያ መተርጐም አዲስ ነገር አይደለም። በዚያው አቈጣጠር በ1954 ዓ.ም. በኒው ዮርክ ከተማ፣ 250 ቃላትና 6 የሰዋስው ሕጎች ብቻ የተሰጡት ኮምፒዩተር ከ60 በላይ የሩስያ ዐረፍተ ነገሮችን ወደ እንግሊዝኛ መልሶ ነበር። በ1970 ዓ.ም. ደግሞ የኮርኔል ዩኒቨርሲቲ መምህር የነበሩት ጄራርድ ሳልተን የእንግሊዝኛንና የጀርመንኛን ቃላት በየትርጉማቸው አዛምደው ቢሞክሩ፣ ቋንቋ ተሻግሮ መፈለግ በአንድ ቋንቋ ከመፈለግ ብዙ የማያንስ ሆኖ ተገኘ።

ሆኖም ለማንበብ የሚደረግ ትርጉምና ለፍለጋ የሚደረግ ትርጉም አንድ አይደሉም። በሚነበብ ጽሑፍ አንድ ቃል ቢሳሳት አንባቢው ከጐረቤቶቹ ቃላት ይረዳዋል። የፍለጋ ጥያቄ ግን ሁለት ወይም ሦስት ቃል ብቻ ስለ ሆነ፣ አንዱ ሲሳሳት በሩ ይዘጋል። «ዋግ» የሰብል በሽታ ነው፤ በሰሜን ያለው የዋግ አገርም ስም ነው። መሣሪያው የአገሩን ስም ቢመርጥ ስለ በሽታው የተጻፈው ሁሉ ተሰውሮ ይቀራል። በእንግሊዝኛም እንደዚሁ፣ የሰብሉ በሽታና የብረት ዝገት በአንድ ቃል ይጠራሉ። የእንግሊዝኛው ጽሑፍ አስቀድሞ ወደ አማርኛ ተመልሶ «የስንዴ ዝገት» ቢባል፣ «ዋግ» ብሎ የጠየቀው ሰው አያገኘውም።

ታዲያ ማስተካከሉ እንዴት ነው? አንደኛ፣ መሣሪያው አንድ ትርጉም ብቻ መርጦ ሌላውን ከመጣል ይልቅ ብዙዎቹን እንደየክብደታቸው ይይዛል፤ «ስንዴ» የሚለው ቃል አብሮ ሲገኝ የበሽታው ትርጉም ሚዛን ይደፋል። ሁለተኛ፣ «ስንዴዬን»፣ «ለስንዴው»፣ «ከስንዴዎቹ» የሚሉትን ወደ አንድ ቃል ይመልሳል፤ «ዓመት» እና «አመት» ተብሎ ሲጻፍም አንድ መሆኑን ያውቃል። ሦስተኛ፣ በእርሻ ሙያ በሁለት ቋንቋ ጐን ለጐን ከተጻፉ ጽሑፎች ይማራል። የሚመዘነውም በአነጋገሩ ማማር ሳይሆን ተፈላጊውን ጽሑፍ በማግኘቱ ነው።

አድማጮቻችን፤ የተገኘ ጽሑፍ ሁሉ የታመነ ምክር አይደለምና፣ መድኃኒት ከመርጨት በፊት የእርሻ ባለሙያን መጠየቅ ይገባል። ይልቁንም መሣሪያው ገበሬው የሚናገረውን ቃል ከእኛ ካልተማረ ከየትም አያመጣውም። ስለዚህ የእርሻንና የጤናን ጽሑፍ የምትተረጕሙ ሁሉ «ዋግ»ን «ዋግ» ብላችሁ ጻፉ፤ ዋናውንና ትርጉሙንም አጣምራችሁ አስቀምጡ። የዛሬው ድካማችሁ ለነገው ጠያቂ መንገድ ይሆነዋል።