ከአፉላ ሰማይ እስከ አብያታ ሐይቅ

 

በአፉላ ኢንዱስትሪ ቀጠና የምትሠሩ እናቶችና አባቶች፣ ከነሐሴ ወር ጀምሮ ለዕረፍት ከፋብሪካው ስትወጡ እስቲ ቀና ብላችሁ ሰማዩን ተመልከቱ። ሽመሎች ክንፋቸውን ሳያርገበግቡ እየዞሩ ከፍ ሲሉ ታያላችሁ። ትልልቅ ወፎች የሚጓዙት ከምድር በሚነሣው ሞቃት አየር እየተንሳፈፉ ነው። በባሕር ላይ ይህን የመሰለ አየር ስለማያገኙ ከአውሮፓ ወደ አፍሪካ ሲወርዱ በእሥራኤል በኩል ያልፋሉ። በየዓመቱ ሲሄዱም ሲመለሱም 500 ሚሊዮን ያህል ወፎች በዚህች ጠባብ አገር ላይ እንደሚያልፉ ይገመታል።

ወፎች እንዲህ ሲጓዙ የሚያርፉበት ውኃ ያስፈልጋቸዋል። ብዙዎቻችን የምናውቀው ጣናን ነው። ከአዲስ አበባ በስተደቡብ 200 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ግን አብያታ የሚባል ጥልቀት የሌለው ጨዋማ ሐይቅ አለ። ብርዱን ሸሽተው ከሰሜን የሚመጡ ዳክዬዎችና የውኃ ዳር ወፎች በጋውን እዚያ ያሳልፋሉ። ፍላሚንጎዎች በጨዋማው ውኃ የሚበቅለውን ደቃቅ አልጌ እያጣሩ ይመገባሉ። በአጠገቡ ባለው በጥልቁ ሻላ ሐይቅ ደሴት ላይ የሚፈለፍሉ ፔሊካኖችም ለጫጩቶቻቸው ዓሣ የሚያመጡት ከአብያታ ነበር።

ታዲያ ምን ደረሰበት? አብያታ መውጫ ወንዝ የለውም፤ ውኃው የሚወጣው በፀሐይ ተንኖ ብቻ ነው። ስለዚህ የሚገባው ውኃ ሲቀንስ ሐይቁ ይሸሻል፣ ጨውም ይበረታል። ከዝዋይ በቡልቡላ ወንዝ ይወርድ የነበረው ውኃ ለመስኖ ተጠለፈ። የሶዳ ፋብሪካም ከራሱ ከሐይቁ ውኃ ቀዳ። በ2006 እ.ኤ.አ. ስፋቱ በ1970ዎቹ መጀመሪያ ከነበረው ከግማሽ በታች ወርዶ ነበር። ጨው ሲበዛ ዓሣው አለቀ፤ ፔሊካኖቹም ምግባቸውን አጡ። ከላይ ያለው ገበሬ ለልጆቹ እንጀራ ነው የቀዳው፤ ክፋት አላሰበም። ነገር ግን እያንዳንዱ ትንሽ ትንሽ ሲቀዳ፣ ከታች ላለው የሚተርፍ ይጠፋል።

የጠፋ ውኃ ይመለሳልን? ከእኛ ብዙም በማይርቀው በሁላ ሸለቆ የነበረው ሐይቅና ረግረግ ከ1951 እስከ 1958 እ.ኤ.አ. ለእርሻ ሲባል ደረቀ። መሬቱ ግን እንደታሰበው አልሆነም፤ አፈሩ ተቃጠለ፣ ወደ ታች ሰመጠ። በ1994 እ.ኤ.አ. ከፊሉ እንደገና ውኃ ተሞላ፣ ወፎቹም በብዛት መጡ። አብያታም ከላይ የሚለቀቅለት ውኃ ካገኘ ተስፋ አለው።

ወላጆች ሆይ፣ በዕረፍት ቀናችሁ ልጆቻችሁን ይዛችሁ ወደ ሁላ ሂዱ። አያቶችንም አትተዉአቸው፤ የወፎቹን ስም በአማርኛ ለልጆቹ የሚነግሩት እነርሱ ናቸው። ልጆቹ በዕብራይስጥ የተማሩትን ይመልሱላቸዋል፤ መነጋገሪያም ይሆናቸዋል።