ሐይቅ ዳር ስንሄድ መጸዳጃ ቤቱ የት ነው?

(ለአዲስ አንባቢዎች በሬዲዮ የቀረበ ንግግር)

 

ዛሬ የምናነሣው ጉዳይ ብዙ ሰው በአደባባይ ለመናገር የሚያፍርበት ነው። ነገር ግን የማይመለከተው ሰው የለም። ሀብታምም ድኻም፣ ሽማግሌም ሕፃንም በየቀኑ ይፈልገዋል። ጉዳዩ የመጸዳጃ ቤት ነገር ነው። በተለይም ከቤታችን ርቀን፣ በማናውቀው ከተማ፣ ለመዝናናት ወይም ለበዓል ውኃ ዳር ስንሄድ መጸዳጃ ቤት እንዴት እናገኛለን? በሩ ላይ የተጻፈውን እንዴት እናነባለን? ሜዳ ላይ ብንጸዳዳስ ምን ጉዳት ይደርሳል? እነዚህን ሦስት ጥያቄዎች በየተራ እንመለከታለን።

ለምሳሌ የምንወስደው የሐዋሳን ከተማ ነው። አገራችን ዛሬ የባሕር ዳርቻ የላትም። ስለዚህ ሰው ውኃ ዳር ልሂድ ሲል ወደ ሐይቆቻችን ይሄዳል። ሐዋሳ ከአዲስ አበባ በስተደቡብ 275 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በሐይቅ ዳር የተቆረቆረች ከተማ ናት። የሲዳማ ክልልም ዋና ከተማ ናት። በሐይቁ ዳር ፍቅር ሐይቅ የሚባል የመናፈሻ መንገድ አለ። አሞራ ገደል በሚባለው ቦታ አጥማጆች ዓሣቸውን ያወርዳሉ፤ አባ ኮዳዎችም የዓሣ ትራፊ ለማግኘት ከሰው መካከል ይንጎራደዳሉ። ጉዱማሌ በሚባለው ሜዳ ደግሞ የሲዳማ ሕዝብ የዘመን መለወጫ በዓሉን፣ ፍቼ ጨምባላላን ያከብራል። ይህ በዓል በ2008 ዓ.ም. በዩኔስኮ መዝገብ ተመዝግቧል። ታኅሣሥ 19 እና ሐምሌ 19 ቀን ደግሞ ለቅዱስ ገብርኤል በዓል ከየአገሩ እጅግ ብዙ ሰው ወደ ሐዋሳ ይጎርፋል።

እንግዲህ አስቡት። ይህ ሁሉ ሰው ይበላል፤ ይጠጣል። የበላና የጠጣ ሰው ደግሞ መጸዳጃ ይፈልጋል። ታዲያ ወዴት ይሂድ?

አንደኛ፤ መንገድ ላይ።

ጉዞው ረጅም ነው። አውቶቡሱ በሞጆ፣ በመቂ፣ በባቱ፣ በሻሸመኔ በኩል ያልፋል። ከመሳፈራችሁ በፊት መናኸሪያው ውስጥ ሽንት ቤት ግቡ። አውቶቡሱ ለምሳ ወይም ለሻይ በቆመ ጊዜም፣ ባይመጣባችሁም እንኳ ግቡ። «አሁን አልመጣብኝም» ብሎ መቀመጥ ከአንድ ሰዓት በኋላ ያስጨንቃል። መንገድ ላይ ቢመጣባችሁ ለረዳቱ ንገሩ። ማፈር አያስፈልግም። «ወንድሜ፣ እባክህ ሽንት ቤት ያለበት ቦታ ስትደርሱ አቁሙልኝ» ማለት ይበቃል። ነፍሰ ጡር፣ አረጋዊ፣ የስኳር ሕመምተኛና ሕፃን የያዘች እናት ብዙ ጊዜ ይመላለሳሉ። ለእነዚህ ሰዎች አንድ ሰው ቢናገርላቸው ደግ ነገር ነው።

ከቤት ስትወጡ አራት ነገር ያዙ። እነርሱም ሶፍት፣ ትንሽ ሳሙና፣ አንድ ሃይላንድ ውኃና ዝርዝር ብር ናቸው። ልጅ ካለ ፖፖ መያዝም ይጠቅማል።

ሁለተኛ፤ ከተማው ከደረስን በኋላ።

በማናውቀው ከተማ መጸዳጃ ቤት የሚገኝባቸው ቦታዎች የታወቁ ናቸው። መናኸሪያ፣ ምግብ ቤት፣ ሻይ ቤት፣ ሆቴል፣ መናፈሻ፣ ነዳጅ ማደያ፣ ጤና ጣቢያ፣ ቤተ ክርስቲያንና መስጊድ አካባቢ ነው። ሐይቅ ዳር ከመቀመጣችሁ በፊት «መጸዳጃው የት ነው?» ብላችሁ ጠይቁ። ምግብ ከማዘዛችሁ፣ ጀልባም ከመሳፈራችሁ በፊት እወቁት። ውኃው መካከል ከገቡ በኋላ መጸዳጃ የለም። ጀልባ ላይ የመንሳፈፊያ ጃኬት መጠየቅንም አትርሱ።

አጠያየቁ እንዲህ ነው። አንዲት እናት ከገጠር መጥተዋል እንበል። ወደ ምግብ ቤቱ አስተናጋጅ ጠጋ ብለው፣

«የኔ ልጅ፣ እባክህ መጸዳጃ ቤቱ በየት በኩል ነው?» ይላሉ።

«በዚህ ይግቡ እማማ። ከጓሮው በስተቀኝ ነው። ውኃና ሳሙናም እዚያው አለ።»

«እግዜር ይስጥህ።»

አለቀ። በዚህ ውስጥ ምንም ነውር የለበትም። ነውሩ ሰው በሚሄድበት መንገድ፣ አጥር ሥርና ሐይቅ ዳር መጸዳዳት ነው።

ክፍያ ያለበት ቦታም አለ። በብዙ ከተሞቻችን የሕዝብ መጸዳጃ ቤቶችንና ገላ መታጠቢያዎችን የሚያስተዳድሩት በማኅበር የተደራጁ ሰዎች ናቸው። የሚከፈለው ብር ውኃ ይገዛበታል፤ ሳሙና ይገዛበታል፤ የሚያጸዳው ሰውም እንጀራውን ያገኝበታል። ከመግባታችሁ በፊት በር ላይ የተጻፈውን ዋጋ አንብቡ። ማንበብ የሚችል ሰው ከተጻፈው በላይ አይከፍልም።

ሦስተኛ፤ በሩ ላይ ምን ተጽፏል?

አዲስ አንባቢ የሆናችሁ ሁሉ፣ እዚህ ላይ በደንብ ተከተሉን። ትምህርታችሁ ሥራ ላይ የሚውልበት አንዱ ቦታ ይህ ነው። የሰው ቤት በር ከፍቶ ከመደናገጥ ያድናችኋል።

በአንዱ በር ላይ «የወንዶች»፣ በሌላው በር ላይ «የሴቶች» ተብሎ ይጻፋል። ሁለቱም ቃላት የሚጀምሩት በ«የ» ነው። ሁለቱም የሚጨርሱት በ«ች» ነው። ስለዚህ የመጀመሪያውን ፊደል ብቻ አይቶ መግባት ያሳስታል። ሁለተኛውን ፊደል እዩ። «ወ» ከሆነ የወንዶች ነው። «ሴ» ከሆነ የሴቶች ነው። አንዳንድ ጊዜ ቦታ ለመቆጠብ «ወ» እና «ሴ» ብቻ ይጻፋል። ሥዕል ብቻ ያለበትም አለ፤ ቀሚስ የለበሰችው ሥዕል ለሴቶች ናት።

«መጸዳጃ» የሚለው ቃል በሁለት ዓይነት ተጽፎ ታገኙታላችሁ። አንዱ በ«ጸ»፣ ሌላው በ«ፀ» ነው። ድምፁም ትርጉሙም አንድ ነውና አትደናገሩ። «ክፍት» ከሆነ ግቡ። «ዝግ» ከሆነ ሌላ ፈልጉ። ቀስት ካለ ቀስቱ ወዳመለከተው ሂዱ። ሐዋሳ ውስጥ በላቲን ፊደል የተጻፈ ምልክትም ታያላችሁ። ሲዳምኛና እንግሊዝኛ በዚያ ፊደል ይጻፋሉ። ያንን ማንበብ ካልቻላችሁ ሥዕሉን እዩ፤ ወይም ጠይቁ።

አራተኛ፤ ከገባን በኋላ።

መቀመጫ ያለው ሽንት ቤት አለ፤ ቁጢጥ የሚባልበትም አለ። መቀመጫው ላይ በጫማ መውጣት ይሰብረዋል፤ ያቆሽሸዋልም፤ ሰውም ወድቆ ሊጎዳ ይችላል። ከተጠቀማችሁ በኋላ ውኃ ልቀቁበት፤ ቧንቧ ከሌለ ከባልዲው ቀድታችሁ አፍስሱ። ሞዴስ፣ ጨርቅና ፕላስቲክ ቀዳዳው ውስጥ አይጣልም። ይዘጋዋል። ከቆሻሻ መጣያው ውስጥ ይጣላል። ስትወጡ እጃችሁን በሳሙና ታጠቡ። ሳሙና ከጠፋ አመድም ይሠራል። በተለይም ዓሣ በእጃችሁ ከመብላታችሁ በፊት ይህን አትዘንጉ።

አምስተኛ፤ ሜዳ ላይ ብንጸዳዳስ ምን ይሆናል?

አንዳንድ ሰው «ሐይቁ ሰፊ ነው፣ ምን ይሆናል?» ይላል። የሐዋሳ ሐይቅ ጥቁር ውኃ የሚባል ወንዝ ይገባበታል። ነገር ግን ከሐይቁ የሚወጣ ወንዝ የለም። ስለዚህ ወደ ሐይቁ የገባ ቆሻሻ ጠርጎ የሚወስደው ወንዝ የለም። ዳር ላይ የተጣለውንም ዝናብ አጥቦ ወደ ውኃው ያስገባዋል።

ከዚህ የሚመጣ አንድ በሽታ አለ። ስሙ ቢልሃርዚያ ነው። አመጣጡን ደረጃ በደረጃ እንናገር። በሽታው ያለበት ሰው ውኃ ዳር ሲጸዳዳ የትሉ እንቁላል ከዓይነ ምድሩ ጋር ይወጣል። እንቁላሉ ውኃ ውስጥ ይፈለፈላል። የተፈለፈለው ነገር በውኃው ውስጥ በሚኖር ቀንድ አውጣ ሆድ ገብቶ ይራባል። ከዚያ ወጥቶ በውኃው ውስጥ ይዋኛል። ሊዋኝ፣ ልብስ ሊያጥብ ወይም ዓሣ ሊያጠምድ የገባውን ሰው ቆዳውን በስቶ ይገባል። ሰውየው ውኃውን ባይጠጣ እንኳ ይይዘዋል ማለት ነው። ከጊዜ በኋላ ሆድ ያማል፤ ደም የተቀላቀለበት ተቅማጥ ያመጣል፤ ሰውነት ይደክማል፤ ሲቆይም ጉበትን ይጎዳል። በሐዋሳ ሐይቅ አጥማጆች ላይ በተደረገ ምርመራ ይህ ትል ተገኝቷል።

ልብ በሉ። አንድ እንግዳ ለአንድ ቀን መጥቶ፣ ከቁጥቋጦ ጀርባ ተጸዳድቶ፣ ማታ ወደ አገሩ ይመለሳል። የሐይቁ ዳር ልጅ ግን በማግስቱ በዚያው ውኃ ይዋኛል። እንግዳው የጣለውን የሚሸከመው ልጁ ነው። ቢልሃርዚያ ፕራዚኳንቴል የሚባል መድኃኒት አለው። ሆኖም የዳነ ልጅ ወደ ተበከለው ውኃ ከተመለሰ እንደገና ይያዛል። ስለዚህ መድኃኒቱ ብቻውን አይበቃም፤ መጸዳጃ ቤትም ያስፈልጋል።

ስድስተኛ፤ ስለ እናቶችና እኅቶች።

ወንድ አጥር ሥር ዞር ይላል። ክልክልና ነውር ቢሆንም ያደርገዋል። ሴት ግን መጸዳጃ ስታጣ ትታገሣለች። ሽንት እንዳይመጣባት ብላ ውኃ ሳትጠጣ ትውላለች። ወይም እስኪጨልም ትጠብቃለች። ውኃ አለመጠጣትና ሽንትን ለረጅም ጊዜ መያዝ የሽንት ቧንቧ ሕመም ያመጣል። በጨለማ ብቻዋን መውጣቷም ለጥቃት ያጋልጣታል። መጸዳጃ ቤት በሌለበት በዓል ላይ ሴቶች ሙሉ ቀን ደስ ብሏቸው ሊውሉ አይችሉም። የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ በሐምሌ 2002 ዓ.ም. ንጹሕ ውኃና መጸዳጃ ማግኘት የሰው ልጅ መብት ነው ብሎ ወስኗል። ስለዚህ መጸዳጃ መጠየቅ ልመና አይደለም።

ሰባተኛ፤ እንግዳ ለሚቀበሉ ሰዎች።

በየከተማችን ግድግዳዎች ላይ «መሽናት ክልክል ነው» የሚል ጽሑፍ እናነባለን። ጽሑፉ ትክክል ነው፤ ግን ግማሽ ነው። የት እንደማይቻል ይናገራል፤ የት እንደሚቻል ግን አይናገርም። ከሥሩ አንድ ቀስት ተሥሎ «መጸዳጃ ቤት በዚህ በኩል» ቢባል ሁለት ሥራ ይሠራል። ፊደሉ ትልቅ ይሁን፤ አዲስ አንባቢም ከሩቅ ያንብበው። በሩ ከውስጥ የሚቆለፍ ይሁን። ውኃና የቆሻሻ መጣያ ይኑር። በተሽከርካሪ ወንበር ለሚሄድ ሰው ደረጃ የሌለው መግቢያ ይሠራለት። ትልቅ በዓል ሲቃረብ ደግሞ ጊዜያዊ መጸዳጃ አስቀድሞ ይዘጋጅ።

ይህ የማይቻል ነገር አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅትና ዩኒሴፍ እንዳጠኑት በ1982 ዓ.ም. ገደማ ከ100 ኢትዮጵያውያን 92ቱ ሜዳ ላይ ይጸዳዱ ነበር። በ2007 ዓ.ም. ገደማ ግን ቁጥሩ ወደ 29 ወርዷል። በ25 ዓመት ውስጥ ይህን ያህል ለውጥ የመጣው ሕዝቡ በየጓሮው ጉድጓድ ስለ ቆፈረ ነው። በቤታችን የለመድነውን በመንገድና በሐይቅ ዳር መድገም ነው የቀረን።

ኅዳር 10 ቀን የዓለም የመጸዳጃ ቤት ቀን ነው። የተባበሩት መንግሥታት የወሰነው በ2005 ዓ.ም. ነው። ከሁለት ቀን በኋላ፣ ኅዳር 12 ቀን፣ እኛ ኅዳር ሲታጠን ብለን ቆሻሻ እናቃጥላለን። ይህ ልማድ በ1911 ዓ.ም. ብዙ ሰው ከፈጀው የኅዳር በሽታ ጋር የተያያዘ ነው። አባቶቻችንና እናቶቻችን ንጽሕናን ከሕይወት ጋር አያይዘው እንዳዩት ከዚህ እንረዳለን።

እንግዲህ በቡድን ሆናችሁ የምታዳምጡ፣ ቀጥሎ ያሉትን ቃላት ድምፃችሁን ከፍ አድርጋችሁ አንብቡ፤ ደብተራችሁም ላይ ጻፉ።

መጸዳጃ ቤት። ሽንት ቤት። የወንዶች። የሴቶች። ክፍት። ዝግ። ክፍያ። ሳሙና። ክልክል ነው። በዚህ በኩል።

ከዚያም እነዚህን ጥያቄዎች ተወያዩባቸው።

1. «የወንዶች» እና «የሴቶች» የሚሉትን ቃላት የሚለየው ስንተኛው ፊደል ነው?
2. ቢልሃርዚያ ውኃ ያልጠጣን ሰው እንዴት ይይዘዋል?
3. በመንደራችሁ ገበያ ወይም የበዓል ቦታ አጠገብ መጸዳጃ ቤት አለ? ካለ ምልክት አለው? ከሌለ ማን ሊሠራው ይችላል?

ሦስተኛውን ጥያቄ ተነጋግራችሁ ብቻ አትተዉት። ምልክት የሌለው መጸዳጃ ቤት ካለ አንድ ጣውላና ትንሽ ቀለም ፈልጉ፤ በገዛ እጃችሁ ጻፉለት። ያንን ጽሑፍ ያነበበ እንግዳ ስማችሁን ባያውቅም ያመሰግናችኋል።