የሬይድ ካርድ ስትገዙ ባትሪውን ጠይቁ

የሰርቨርን ሃርድ ዲስኮች አቀናጅቶ እንደ አንድ የሚያሠራው ሬይድ ካርድ ነው። አራት ባለ 4 ቴራባይት ዲስኮች በሬይድ 5 ሲደራጁ 12 ቴራባይት ያህል ቦታ ይሰጣሉ፤ አንዱ ቢበላሽ ሥራ አይቆምም።

ገበያ ላይ ሁሉም የሚጠይቀው ፍጥነቱን ነው። እኔ ግን ከሁሉ በፊት ባትሪውን አያለሁ። ካርዱ ራይት ባክ በሚባለው አሠራር መረጃውን በራሱ ሚሞሪ ይዞ፣ ዲስክ ላይ ሳያሰፍር «ጽፌያለሁ» ይላል። በዚህ መሃል መብራት ድርግም ካለስ? ባትሪ ከሌለው ሚሞሪው ላይ የነበረው ሁሉ ይጠፋል። እንዲህ ያለውን ካርድ ከገዛችሁ ራይት ባክን አጥፉት፤ ፍጥነቱ ቢቀንስም ግድ የለም።

ስትገጥሙ መጀመሪያ የኤሌክትሪክ ገመዱን ንቀሉ፤ ካርዱን በጠርዙ ይዛችሁ ማስገቢያው ውስጥ እስኪቀመጥ ጫኑት። ዲስኮቹ ላይ የቆየ ፋይል ካለ ደግሞ አስቀድማችሁ ሌላ ቦታ ገልብጡት፤ አዲስ ሬይድ ሲፈጠር የነበረው ይደመሰሳል።