የተረፈው እንዳይባክን
(ለሰበካ ጉባኤ የልማት ኮሚቴዎች የቀረበ ንግግር)

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

ክቡራን አባቶቻችን፣ የተከበራችሁ የኮሚቴ አባላት፤ ጌታችን በምድረ በዳ ሕዝቡን ከመገበ በኋላ የተረፈው ቍርስራሽ እንዲሰበሰብ አዘዘ፤ 12 መሶብም ሞላ። እኛ ግን በጾም ወራት በየጁስ ቤቱ ደጃፍ የሚከመረውን የሙዝ፣ የፓፓያና የማንጎ ልጣጭ ዝንብ ሲወርረው አይተን እናልፋለን። በብድር በሬ ገዝተው የሚያደልቡ እናቶቻችን ደግሞ በመኖ ዋጋ ይጨነቃሉ።

ልጣጭ ውኃና ስኳር ስለሚበዛው ፈጥኖ ይበሰብሳል። አየር በማይገባው በርሜል ሲታመቅ ግን ረቂቅ ተሕዋስያን ስኳሩን ወደ አሲድ ይለውጡታል፤ አሲዱም መኖውን ከብስባሴ ይጠብቀዋል። ልጣጩ በተሰበሰበበት ዕለት ይከተፋል፤ ለ4 ኪሎ ልጣጭ 1 ኪሎ ያህል የጤፍ ጭድ ይደባለቃል። በእጅ ሲጨበጥ ውኃ ካንጠባጠበ ጭድ ይጨመራል። ከዚያም ተጠቅጥቆ ይከደናል፤ ቢያንስ ለ21 ቀን አይነካም። የአቮካዶ ልጣጭ፣ ፍሬና ቅጠል ለከብት መርዝነት ስላለው ከመነሻው ይለይ።

በመጀመሪያው ሙከራችን አንዲት እናት በርሜሉን ከከፈቱ በኋላ ክዳኑን በሚገባ ሳይመልሱ ሰነበቱ። መኖው ሻገተ፤ በሬው ታመመ፤ ከገዙበት ባነሰ ዋጋ ተሸጠ፤ ዕዳው ግን ቀረ። ጥፋቱ የእኛ ነበር። በርሜል አደልን፤ ክዳኑ ለምን እንደሚጠብቅ ግን አላስረዳንም። ዛሬ በፊታችሁ የቆምነው ይህ እንዳይደገም ነው።

ስለዚህ ሻጋታ ወይም የብስባሽ ሽታ ያለው መኖ ይጣል፤ ደኅናው ደስ የሚል ጎምዛዛ ሽታ አለው። በጥቂቱ ተጀምሮ በ2 ሳምንት ውስጥ ይጨመር፤ ከዕለቱ መኖ ሲሦውን አይለፍ፤ በአንድ ጊዜ ቢበዛ የበሬውን ሆድ ያውካልና። ፕሮቲኑ አነስተኛ ስለሆነ የኑግ ፋጉሎ ይታከልበት።

በጾመ ነቢያት የተሞላ በርሜል በጥምቀት ሰሞን ለሚገዛ በሬ ይደርሳል፤ በሬውም ለፋሲካ ገበያ። ከእያንዳንዱ ኮሚቴ የምንለምነው ጥቂት ነው፦ ከጁስ ቤቶች ጋር ተስማምቶ ልጣጩን ማስለየት፣ የታሸገበትን ቀን በበርሜሉ ላይ መጻፍ፣ የሚከታተል አንድ ታማኝ ሰው መመደብ። የድሀዋ በሬ በእጃችን ያለ አደራ ነው።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።