ፈቃዱ ነገ የት ይደርሳል? የመዳረሻ ቁጥጥር ሞዴሎችና የስሌት ውስብስብነት



የአንድ ዩኒቨርሲቲ የውጤት መዝገብ በኮምፒውተር ተቀምጧል እንበል። ዛሬ ውጤት የመለወጥ ፈቃድ ያለው ሬጅስትራሩ ብቻ ነው። ይሁንና ሥርዓቱ ሬጅስትራሩ ፈቃዱን ለረዳቱ እንዲሰጥ፣ የትምህርት ክፍል ኃላፊውም አዲስ ተጠቃሚ እንዲመዘግብ ያስችላል። እያንዳንዱ ደንብ ለብቻው ሲታይ እንከን የለውም። ነገር ግን ደንቦቹ በየትኛውም ቅደም ተከተል ቢሠራባቸው፣ ፈቃዱ ከማይገባው ሰው እጅ ሊገባ ይችላልን? የዛሬው ንግግሬ በዚህ ጥያቄ ላይ ያተኩራል።

በትለር ላምፕሰን እ.ኤ.አ. በ1971 ባቀረበው ሞዴል ፈቃዶች በማትሪክስ ይሰፍራሉ። በረድፉ ተጠቃሚዎችና ፕሮግራሞች፣ በዓምዱ ፋይሎችና ሌሎች ነገሮች ይቆማሉ፤ በመገናኛቸውም «ማንበብ»፣ «መጻፍ» የመሳሰሉ ፈቃዶች ይጻፋሉ። ማይክል ሃሪሰን፣ ዋልተር ሩዞና ጄፍሪ ኡልማን እ.ኤ.አ. በ1976 ባሳተሙት ጥናት ማትሪክሱ የሚለወጥባቸውን ክንዋኔዎች በስድስት ወሰኑ፤ እነርሱም ፈቃድ መስጠትና መንሣት፣ ተጠቃሚ መፍጠርና መሰረዝ፣ ነገር መፍጠርና መሰረዝ ናቸው።

ያረጋገጡት ነገር ከባድ ነው። ፈቃድ ያለ አግባብ ይተላለፍ እንደሆነ ለማናቸውም ሥርዓት መልስ የሚሰጥ አልጎሪዝም ሊኖር አይችልም። የማረጋገጫው ሐሳብ እንዲህ ነው፦ የቱሪንግ ማሽን ቴፕ በማትሪክሱ ሰያፍ መስመር ላይ ይሰፍራል። እያንዳንዱ የቴፕ ክፍል አንድ ተጠቃሚ ይሆናል፤ በክፍሉ ያለው ምልክትም እንደ ፈቃድ ይቆጠራል። ቴፑ ሲረዝም አዲስ ተጠቃሚ ይፈጠራል። ደንቦቹም አንድ የተመረጠ ፈቃድ የሚያመልጠው ማሽኑ የመጨረሻው ሁኔታ ላይ ሲደርስ ብቻ እንዲሆን ተደርገው ይጻፋሉ። እንግዲህ የፈቃዱን ማምለጥ አስቀድሞ የሚያውቅ አልጎሪዝም ቢኖር፣ ማሽኑ ከዚያ ሁኔታ መድረሱንም ባወቀ ነበር፤ ይህ ደግሞ ለሁሉም ማሽኖች የሚቻል አይደለም።

ውጤቱን ግን በልኩ እንረዳው። የአንድ የተወሰነ ሥርዓት ደኅንነት ፈጽሞ አይታወቅም ማለት አይደለም፤ ለሁሉም የሚሆን አንድ መላ የለም ማለት ነው። ሞዴሉን ስናጠብ መልስ ይገኛል፤ ዋጋው ግን ይለያያል። እያንዳንዱ ትእዛዝ አንድ ክንዋኔ ብቻ እንዲፈጽም ብንገድብ ጥያቄው ሊወሰን ይችላል፤ ሆኖም ኤንፒ-ምሉዕ ነው፤ ማለትም ሁሉንም ጉዳዮች በፍጥነት የሚፈታ አልጎሪዝም እስካሁን አልተገኘለትም። ከዚህም በላይ በዚህ ሞዴል ፋይል ፈጥሮ በዚያው ትእዛዝ ለፈጣሪው ባለቤትነትን መስጠት አይቻልም። ክንዋኔዎቹን ሳንገድብ መፍጠርን ብቻ ብንከለክል ደግሞ ማትሪክሱ ሊይዛቸው የሚችላቸው ሁኔታዎች ውሱን ስለሚሆኑ መልስ ይኖራል፤ ችግሩ ግን ፒስፔስ-ምሉዕ ነው። በአንጻሩ ሪቻርድ ሊፕተንና ሎውረንስ ስናይደር በ1977 ባሳተሙት ሥራ፣ «መውሰድና መስጠት» በተባለው ሞዴል ተመሳሳይ ጥያቄ ከግራፉ መጠን ጋር በቀጥታ በሚያድግ ጊዜ እንደሚመለስ አሳይተዋል።

ከዚህ የምንማረው፣ ሞዴል በምንመርጥበት ቅጽበት ወደፊት የትኞቹን ጥያቄዎች መመለስ እንደምንችል አብረን እንደምንመርጥ ነው። ለምቾት ሲባል የሚጨመር አንድ የውክልና ደንብ፣ ሊመረመር የሚችለውን ሥርዓት ሊመረመር ወደማይችል ሊለውጠው ይችላል። አበው «ሳይቃጠል በቅጠል» እንዲሉ፣ ሥርዓት የምትነድፉ ሁሉ «ይህ ደንብ ምን ያስችላል?» ከማለታችሁ ጋር «ይህን ደንብ ከጨመርን በኋላ ደኅንነቱን ማረጋገጥ እንችላለን ወይ?» ብላችሁ ጠይቁ። የተማሪው ውጤት በዚያ መልስ ላይ ያርፋልና።