አንድ ቆጣሪ ለአምስት ጓዳ

(በማኅበራችን ወርሃዊ ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር)

እናቶቼና እህቶቼ፣ የማነሳው የመብራት ጉዳይ ነው፤ ተሰባስቦ መጠቀም መቼ እንደሚበጅ፣ መቼ እንደሚጎዳ።

በአውሮፓና በአሜሪካ «አግሪጌተር» የሚባሉ ድርጅቶች አሉ፤ «ፍላጎት አሰባሳቢ» እንበላቸው። ብዙ ቤቶችን ያስተባብሩና መስመሩ በሚጨናነቅበት ሰዓት ፍጆታቸውን እንዲቀንሱ ያደርጋሉ። ያንን ቅናሽ በኃይል ገበያው ላይ ሸጠው ገንዘቡን ከደንበኞቻቸው ጋር ይካፈላሉ። ትንሿ ቤት ብቻዋን ከማትደርስበት ገበያ ከሌሎች ጋር ሆና ትገባለች።

እኛ ዘንድ እንዲህ ያለ ገበያ የለም። በሐዋሳ ለየቤታችን መብራት የሚሸጥልን የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት ነው። መሰባሰብ ግን እኛም ጋ አለ፤ በግቢ ቆጣሪ ላይ።

ስሌቱን እንየው። የቤት ታሪፍ በደረጃ ነው፤ ፍጆታ ሲጨምር የአንዱ ኪሎዋት ሰዓት ዋጋም ይጨምራል። ዝቅተኛው ዋጋ በወር እስከ 50 ኪሎዋት ሰዓት ለሚጠቀም ነው። በ2011 ዓ.ም. ታሪፉ ሲሻሻል እንኳ የዚህ ደረጃ ዋጋ አልተነካም ነበር። በአንድ ግቢ አምስት ተከራዮች በወር 40፣ 40 ቢጠቀሙ፣ ለየብቻ ቢቆጠር ሁሉም ዝቅተኛው ደረጃ ላይ ናቸው። በአንድ ቆጣሪ ሲሆን ግን 200 ይሆናል። ለድሃ የታሰበው ዋጋ ድሃዋ ጋ ሳይደርስ ይቀራል። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክም፣ ለሃምሳ ሰው ጌጥ ነው ይባላል፤ እኛ ሎሚውን ሁሉ ለአንድ ቆጣሪ አሸክመናል።

ስለዚህ ሁለት ሐሳብ አለኝ። አንደኛ፣ ቆጣሪ የምትጋሩ ተመዝገቡ። አከራዮችን በማኅበሩ ስም እናነጋግር፤ የየራሳችሁን ቆጣሪ ማመልከቻም አብረን እናስገባ። አንዲት ተከራይ ብቻዋን ብትጠይቅ «ቤቱን ልቀቂ» ልትባል ትችላለች፤ ማኅበር ሲጠይቅ ግን እንዲህ ማለት ይከብዳል።

ሁለተኛ፣ ምጣድ። አንድ የኤሌክትሪክ ምጣድ ወደ 3.5 ኪሎዋት ይስባል። 20 ቤት አመሻሽ ላይ በአንድ ጊዜ ቢጋግር 70 ኪሎዋት በሰፈሩ ትራንስፎርመር ላይ ይጫናል። አሰባሳቢዎቹ ገንዘብ የሚያገኙት እንዲህ ያለውን ሸክም በማቅለል ነው። ለእኛ የሚከፍለን የለም፤ ሆኖም እንደ እቁብ ዕጣ ተራ ይዘን ረፋድ ላይ ብንጋግር፣ ምሽት ላይ ለልጆች ማጥኛ የሚሆነው መብራት ይጠናከራል። በኢንዱስትሪ ፓርኩ በፈረቃ የምትሠሩ ተራችሁን ከፈረቃችሁ ጋር አስማሙ።

ጥያቄያችን አንድ ላይ ይሁን፤ ቆጣሪያችን ግን ለየራሳችን።