ስለ ሠርግ ስጦታና ስለ ንጹሕ ውኃ

በደብሩ የኢዮቤልዩ በዓል ለካህናትና ለምእመናን የተነገረ ቃል

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ፤ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።



ኢዮቤልዩ በኦሪት ዘሌዋውያን እንደ ተሠራው ሥርዓት ርስት ወደ ባለቤቱ የሚመለስበት፣ በባርነት የተያዘ ሰው ነጻ የሚወጣበት ኀምሳኛ ዓመት ነበር። ስለዚህ በኢዮቤልዩ በዓል እልልታና ደስታ ብቻ አይበቃም፤ በሰው ትከሻ ላይ ያለውን ሸክም መመርመርና ማቅለል ይገባል። ከብዙዎቹ ሸክሞች ሁለቱ ዛሬ ይነገራሉ። አንደኛው በሠርግ ጊዜ በሰጪና በተቀባይ ላይ የሚወድቀው የስጦታ ዕዳ ነው። ሁለተኛው ሴቶችና ልጆች ከሩቅ ወንዝ በጀርባቸው የሚያመጡት ውኃ ነው። ሁለቱ የማይገናኙ ይመስላሉ፤ ነገር ግን በአንዱ ሌላውን ማቅለል ይቻላል።

በቅዱሳት መጻሕፍት ጋብቻና ውኃ የተራራቁ አይደሉም። የአብርሃም ሎሌ ለይስሐቅ ሚስት ሊፈልግ በሄደ ጊዜ ርብቃን ያገኛት በውኃ ጕድጓድ አጠገብ ነው፤ መልካምነቷንም የተረዳው በጌጧ ሳይሆን ለእርሱና ለግመሎቹ ውኃ በመቅዳቷ ነው። ያዕቆብም ራሔልን በጕድጓድ አፍ አጠገብ አገኛት፤ ድንጋዩንም አንከባሎ በጎቿን አጠጣላት። ሙሴም በምድያም የካህኑን ሴቶች ልጆች ከእረኞች እጅ አድኖ መንጋቸውን አጠጣ፤ ከእነርሱም ሲፓራን አገባ። በቃና ዘገሊላ ሠርግም ጌታችን የመጀመሪያውን ተአምር ያደረገው በስድስት የድንጋይ ጋኖች በተሞላ ውኃ ነው። ቤተ ክርስቲያንም ጥር 11 ቀን ጥምቀትን፣ ጥር 12 ቀን ቃና ዘገሊላን ታከብራለች፤ ከዚያም ዐቢይ ጾም እስኪገባ ድረስ ሠርግ ይበዛል። እንግዲህ የውኃው በዓልና የሠርጉ ወራት ጎን ለጎን የቆሙ ናቸው።

የሠርግ ስጦታ ልማድ በመሠረቱ መልካም ነው። ልጁን የሚድር ሰው ብቻውን እንዳይጨነቅ ዘመድና ጎረቤት እንጀራውን፣ ጠላውን፣ በጉን ይዞ ይደርስለት ነበር። እየቆየ ግን እገዛው ወደ ብድር ተለወጠ። ማን ምን ያህል እንደ ሰጠ በመዝገብ ይጻፋል፤ ያም ሰው በተራው ሲድር ያንኑ ወይም ከዚያ የሚበልጠውን መመለስ ግድ ይሆናል። የሚመልሰው የሌለው ድኻ የጥሪው ወረቀት በደረሰው ጊዜ ደስ በመሰኘት ፈንታ ይጨነቃል፤ አንዳንዱም ባዶ እጁን መታየት አፍሮ ከሠርጉ ይቀራል። በሙሽሮቹ ቤት ደግሞ ብርድ ልብሱ በብርድ ልብስ ላይ፣ ብርጭቆው በብርጭቆ ላይ ተደራርቦ ይቀመጣል፤ ሌላ ሠርግ ሲመጣም ያው ዕቃ ሳይፈታ ወደ ሌላ ቤት ይሻገራል። ሰጪው የተቸገረበት፣ ተቀባዩ ያልተጠቀመበት ስጦታ ከስሙ በቀር ምን ቀረው?

ሁለተኛው ሸክም በሚዛን የሚታወቅ ነው። አንድ ሊትር ውኃ አንድ ኪሎ ይመዝናል፤ ስለዚህ 20 ሊትር የሚይዘው ጀሪካን ሲሞላ 20 ኪሎ ይሆናል። በመከራ ጊዜ ሕዝብን የሚረዱ ድርጅቶች ለመጠጥ፣ ለማብሰልና ለመታጠብ ለአንድ ሰው በቀን ቢያንስ 15 ሊትር እንዲደርሰው ልክ አድርገዋል። ስድስት ነፍስ ላለበት ቤት ይህ 90 ሊትር፣ ማለት ከአራት ጀሪካን የሚበልጥ ነው። ይህን ሁሉ ዳገት ለዳገት የምታመጣው እናት ናት፤ ወይም በትምህርቷ ሰዓት ወደ ወንዝ የምትላክ ልጅ ናት። የዓለም ጤና ድርጅትና የተባበሩት መንግሥታት የሕፃናት መርጃ ድርጅት እንዳስታወቁት፣ በ2022 እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በዓለም ላይ 2.2 ቢሊዮን ሰዎች ንጽሕናው ተጠብቆ በቤታቸው የሚገኝ የመጠጥ ውኃ አልነበራቸውም።

ውኃው ከመራቁም ይልቅ መርከሱ የከፋ ነው። በ1854 እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በለንደን ከተማ ኮሌራ ገብቶ ብዙ ሰው ፈጀ። በዚያ ዘመን ብዙዎች ሊቃውንት በሽታው ከመጥፎ ሽታ ይመጣል ይሉ ነበር። ጆን ስኖው የሚባል ሐኪም ግን የሞቱትን ሰዎች ቤት አንድ በአንድ መርምሮ፣ አብዛኞቹ በብሮድ ጎዳና ካለው አንድ የውኃ መቅጃ የጠጡ መሆናቸውን አገኘ፤ የመቅጃውም እጀታ እንዲነቀል አስደረገ። በሽታ ጥርት ባለ ውኃ ውስጥ ተሸሽጎ ሊኖር እንደሚችል ከዚያ ወዲህ ታወቀ። ስለዚህ ውኃ ለዐይን መጥራቱ ብቻ ንጹሕ አያሰኘውም።

ስጦታን ትቶ ውኃን መለመን እስከ ምን እንደሚደርስ የሚያሳይ አንድ እውነተኛ ታሪክ አለ። በ2003 ዓ.ም. በሰኔ ወር በአሜሪካ፣ በዋሽንግተን ግዛት የምትኖር አንዲት ልጅ 9 ዓመት በሞላት ጊዜ፣ ለልደቷ ስጦታ እንዳይሰጧት፣ በዚያ ፈንታ ውኃ ለሌላቸው ሰዎች ገንዘብ እንዲያዋጡ ወዳጆቿን ለመነች። 300 ዶላር አስባ 220 ዶላር ብቻ ተገኘላት። በሚቀጥለው ወር ግን በመኪና አደጋ ሞተች። ወሬዋን የሰሙ ሰዎች ከየአገሩ ስለ እርስዋ መስጠት ጀመሩ፤ ገንዘቡም ከ1 ሚሊዮን 200 ሺህ ዶላር በላይ ሆነ። በዚህም ገንዘብ በኢትዮጵያ፣ በትግራይ ምድር ውኃ ወጣ፤ በዓመቱም እናቲቱ መጥታ ልጇ የተመኘችውን በዐይኗ አየች። ሕፃኒቱ 80 ዶላር እንደ ጎደላት ዐውቃ ሞተች፤ ትንሽ የተባለው ልመናዋ ግን የብዙ መንደር ጥም ቈረጠ። ለልደት እንዲህ ከተደረገ፣ ብዙ ሕዝብ በሚሰበሰብበት በሠርግ ይልቁን ሊደረግ ይቻላል።

በዚህ ነገር ላይ የሚነሡ ተቃውሞዎች አሉ፤ መልስም ይገባቸዋል። አንዳንድ ሽማግሌዎች ስጦታን አልቀበልም ማለት ዘመድን መናቅ ነው ይላሉ። ነገር ግን ሙሽሮቹ ስጦታውን የሚመልሱ አይደሉም፤ መንገዱን ብቻ ይለውጡታል። ይህንም በጥሪው ወረቀት ላይ በትሕትና ቢጽፉት፣ ለአያትና ለአጎት ደግሞ አስቀድመው ሄደው በቃላቸው ቢያስረዱ ቅያሜ አይኖርም። ሌሎችም አዲስ ጎጆ የሚወጡ ልጆች ድስትና ምጣድ ያስፈልጋቸዋል ይላሉ። ይህ እውነት ነው፤ የቤት ዕቃ የሌለው ድኻ ሙሽራ የዘመዱን ስጦታ ሳያፍር ይቀበል፤ ይህ ምክር ቤቱ ለሞላ ነው። ደግሞም ራሱ መቶ ድንኳን ሙሉ ሰው አብልቶ፣ አጠጥቶ፣ ሌላውን ስለ ውኃ ስጡ የሚል ሰው ቃሉ አይሰማም። አስቀድሞ ከገዛ ድግሱ ይቀንስ፤ የመጀመሪያውን ገንዘብ እርሱ ይጣል።

ከሁሉ ይልቅ መጠንቀቅ የሚያሻው ልግስናው ሌላ ዕዳ እንዳይሆን ነው። ጌታችን ምጽዋት በስውር እንዲደረግ አስተምሯል፤ ከባለጠጎችም ስጦታ ይልቅ የመበለቲቱን ሁለት ሳንቲም አክብሯል። ስለዚህ በድንኳኑ ደጅ የተዘጋ ሣጥን ይቀመጥ፤ ስም አይጻፍ፤ መጠኑም በአደባባይ አይነገር። በማግስቱ ሣጥኑ የሰበካ ጉባኤው ሰዎች ባሉበት ተከፍቶ ይቈጠር፤ በደረሰኝም ገቢ ይሁን። እንዲህ ሲሆን አሥር ብር የጣለውና ሺህ ብር የጣለው በአንድ ማዕድ እኩል ይቀመጣሉ፤ ብድር የሚመልስም የለም።

ገንዘቡ ከተገኘ በኋላ ሥራው በዕውቀት ይሠራ። ምንጭ ያለበት መንደር ከሁሉ ይቀላል። የምንጩ ዐይን እስኪገኝ ተቈፍሮ በድንጋይና በጠጠር ይሞላል፤ በላዩ ጭቃ ይደለደላል፤ በፊቱ የድንጋይ ግንብ ተሠርቶ ውኃው በቧንቧ ይወጣል። የዝናም ጎርፍ እንዳይገባበት በስተላይ ቦይ ይቈፈራል፤ ከብት እንዳይረግጠው ይታጠራል፤ መጸዳጃ ቤትም ከእርሱ በታችና በሩቅ ይሆናል። ምንጭ በሌለበት ጕድጓድ ይቈፈራል፤ ነገር ግን ውኃው አስቀድሞ በሐኪም ቤት መሣሪያ ይመርመር። በስምጥ ሸለቆ በብዙ ስፍራ የከርሰ ምድር ውኃ ፍሎራይድ የሚባል ነገር ይበዛበታል፤ ይህም የልጆችን ጥርስ ያበልዛል፤ ሲበዛም አጥንትን ይጎዳል። የዓለም ጤና ድርጅት የወሰነው ልክ በሊትር ከ1.5 ሚሊግራም እንዳይበልጥ ነው።

አብርሃም ያስቈፈራቸውን ጕድጓዶች ፍልስጥኤማውያን በአፈር ደፈኗቸው፤ ይስሐቅም ዳግመኛ ቈፈራቸው፤ በአባቱም ዘመን በተጠሩበት ስም ጠራቸው። ዛሬ ጕድጓድን የሚደፍነው ጠላት ሳይሆን ቸልታ ነው። የእጅ መሳቢያው አንዲት ቈዳ ወይም ብሎን ሲጎድልበት ይቆማል፤ ሴቶቹም ወደ ቀድሞው ወንዝ ይመለሳሉ። ስለዚህ ከተሰበሰበው ገንዘብ ጥቂቱ ለመጠገኛ ይቀመጥ፤ ከመንደሩም ሰዎች የሚጠብቁት ይመረጡ፤ ከእነርሱም መካከል ውኃውን የሚቀዱት ሴቶች ይኑሩበት።

ክቡራን አባቶች፤ ሙሽሮች ለተክሊልና ለቁርባን በሚዘጋጁበት ጊዜ ምክር የሚቀበሉት ከንስሐ አባታቸው ነው። በዚያ ጊዜ ይህ ነገር ቢነገራቸው ከጎረቤት ወሬ ይልቅ ይሰማል። ምእመናንም በየሠርጉ አንድ ሣጥን ቢያስቀምጡ፣ የአንዱ ሠርግ ገንዘብ ባይበቃ የብዙዎቹ ተደምሮ አንድ ምንጭ ያበጃል። በቃና ውኃውን ወደ ወይን የለወጠው ጌታ ነው፤ ጋኖቹን እስከ አፋቸው የሞሉት ግን አገልጋዮቹ ናቸው። የሰው ድርሻ መሙላት ነው፤ መባረክ የእግዚአብሔር ነው።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር፤ አሜን።